የአባትህ ሰዓትና የላክኸው ሳጥን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤ እንደምን ከርመሃል? በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ። እኛ ደህና ነን፤ የጓዳው ጣሪያም ማፍሰሱን ትቷል።

ለአባትህ ሰዓት ብለህ የላክኸው ሳጥን ደረሰ። የአባትህን ሰዓት ሳስገባበት ይዞራል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይዞራል። ግራ ቢገባኝ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ወሰድኩት። «እማማ፣ ይሄ ሰዓት ባትሪ የለውም፤ የሚሞላው እጅ ሲንቀሳቀስ ነው። ሳጥኑ በእጅ ፈንታ ያዞርለታል» አለኝ። ለካ የአባትህ ግራ እጅ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ሰዓቱ የቆመው ለዚህ ነው!

ይህንኑ ለአባትህ ብነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «በቃ፣ ሳጥን ተካችሁብኝ» አለ። ሰዓቱን አውጥቼ እጁ ላይ አሰርኩለትና ሐኪሙ እንዳዘዘው ክንዱን ወዲያ ወዲህ አደርግለት ጀመር። ትናንት ታዲያ ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አየሁ መሰለኝ።

«አንተ ነህ ወይስ እኔ ነኝ ያንቀሳቀስኩት?» ብዬ ብጠይቀው፣

«እኔም አላወቅኩም» ብሎ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ ሳጥኑን ምን ላድርገው? እንዳትቀየመኝ ብቻ። ስትደውል ከእኔ በፊት እሱን አናግረው፤ ስለ እጁ ራሱ ይንገርህ። ያሰብከው ይሙላልህ፣ ዓይንህን በደህና ያሳየኝ።

እናትህ