ፍሪዘር ውስጥ ያለውም ይቆጠራል

ቅዳሜ፣ ሜይ 13

የዓሣ ወቅት ዛሬ ተከፈተ። ሬይኖ ገና ሳይነጋ ጀልባውን አውርዶ ሄደ። እኔ እንደ ወትሮዬ ከመስኮት ሆኜ አየሁት። ውሃ ላይ ምን አለኝ...

ትናንት የመንጠቆ ትል ከሚሸጠው ሱቅ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃዳችንን አውጥቶ መጣ። የባልና ሚስት ፈቃድ ነው። ከተጋባን ጀምሮ በየዓመቱ ስሜን ያስጽፋል፣ እኔም በየዓመቱ እነጫነጫለሁ።

«መንጠቆ ነክታ ለማታውቅ ሴትዮ ፈቃድ ምን ያደርግላታል?»

«ይኑርሽ። ድንገት ልብሽ ቢከጅል ሕገ ወጥ እንዳትሆኚብኝ።»

ያው ቀልድ ነው፣ አርባ ዓመት ሙሉ።

ስድስት ይዞ ገባ። በቀን የሚፈቀደው ስድስት ነው፤ ሬይኖ ሰባተኛ ይዞ አያውቅም። በቅቤ ጠበስኩለት። ደህና ቀን ነበር።

ሐሙስ፣ ሜይ 18

ጠዋት ስድስት አመጣ። አጽድቶ፣ ጠቅልሎ ጋራዥ ያለው ፍሪዘር ውስጥ ከተተ። ከሰዓት ልብስ ሳጥፍ የጀልባውን ሞተር ድምፅ ሰማሁ። ሲመለስ ሌላ ስድስት ይዟል።

«ሬይኖ፣ የጠዋቱስ?»

«የምን ጠዋት?»

ሳቅኩ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ሳቄ ጠፋ።

አርብ፣ ሜይ 19

ሱቅ ሲሄድልኝ ጠብቄ ፍሪዘሩን ከፈትኩ። እስከ አፉ ሞልቷል። ጥቅል በጥቅል ላይ። መቼ ነው ይሄን ሁሉ ያመጣው? እኔስ የት ነበርኩ?

ደንቡን አውጥቼ ሦስቴ አነበብኩ። ውሃ ላይ የያዝከውና ቤት ያስቀመጥከው ተደምሮ ነው ስድስት። ፍሪዘር ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ይህ ለኔ አዲስ አይደለም። ለመጣው እንግዳ ሁሉ የሚሰብከው ራሱ ሬይኖ ነው። ሰው ቤት እራት ተጋብዘን ዓሣ ሲቀርብ እንኳ «ፍሪዘርህ ውስጥ ስንት አለ?» እያለ ያሳቅቀኝ ነበር።

ግማሹ የኔ ነው ብልስ? ፈቃድ አለኝ... ለሁለታችን አሥራ ሁለት ቢሆን እንኳ አይበቃም። ደግሞ ማን ያምነኛል? ጀልባ ላይ እግሬን አሳርፌ አላውቅም።

ሰኞ፣ ሜይ 22

ኦርቪል፣ የጎን ጎረቤታችን፣ በአጥር በኩል ጠራኝ።

«ሰማሽ ኢልማ? አዲሷ የዓሣ ሕግ ጠባቂ በየቤቱ ፍሪዘር እያየች ነው። የወንድሜን ልጅ ፈቃዱን ነጠቀችው። ሦስት ዓመት መንጠቆ እንዳይነካ!»

ሦስት ዓመት... ሬይኖ የልጃችንን ስም ይሳሳታል። የሐይቁን ጥልቅ ቦታ ግን አንድ በአንድ ያውቃል። ይህን ከነጠቁት ምን ይቀረዋል? ለኔስ ከሱ ምን ይተርፈኛል?

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ግፊቴ ነው» አልኩት።

አርብ፣ ሜይ 26

መጣል አይቻልም፤ ማባከንም ያስቀጣል። ለኦርቪል እንዳልሰጠው እሱ ላይ ይቆጠርበታል። ደግሞ ኦርቪል ምስጢር አይቋጥርም። ስለዚህ መብላት ነው። ቁርስ ዓሣ፣ ምሳ የዓሣ ሾርባ፣ እራት ዓሣ።

«ሥጋ ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?» ይለኛል ሬይኖ።

ሁለት ጥቅል ሳወጣ እሱ ሦስት ይጨምራል። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጠባቂዋ ትሆን እያልኩ ወደ መስኮት እሮጣለሁ። ዛሬ የሞተሩን ቁልፍ ደበቅኩበት። ሲፈልግ ዋለ። መጨረሻ ላይ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኘሁት። ቁልፉን ሳያየኝ ኮቱ ኪስ ውስጥ መለስኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ረቡዕ፣ ሜይ 31

መጣች።

ወጣት ናት፣ ብራንት ትባላለች። ትሕትናዋ ራሱ ያስፈራል። ሬይኖ ጀልባውን እያሰረ ነበር። ፈቃዱን አየች፣ ዓሣውን ቆጠረች። ስድስት።

«ቤትስ ያስቀመጡት አለ፣ ሚስተር ኒየሚ?»

«የለም» አለ ሬይኖ ኮራ ብሎ። «ፍሪዘር ውስጥ ያለውም ይቆጠራል፣ ልጄ። እኔ ደንቡን አንቺ ሳትወለጂ ነው የማውቀው።»

አልዋሸም። የሚያውቀውን ነው የተናገረው። አመነችውና ልትሄድ ዞረች። ዝም ብል ኖሮ በቃ፣ ሄዳ ነበር... ነገስ? እኔ በሌለሁበት ቀን ብትመጣበትስ?

«አለ» አልኩ።

ሬይኖ ዞሮ ያየኝን አስተያየት አልጽፈውም።

ጋራዥ ገባን። ከላይ ያለውን ጥቅል ፈታችው። ጠባቂ የዓሣውን ዓይነት እንዲለይ እያንዳንዱ ሥጋ ላይ ቁራጭ ቆዳ መቅረት አለበት፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሬይኖ አንዱም ላይ አልረሳም። ቀረብ ብሎ አየ።

«ይሄ የኔ አቆራረጥ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ኢልማ... መቼ ነው ያመጣሁት?»

ጥቅሉን መልሼ ጠቀለልኩት።

ትርፍ የሆነውን ዓሣ ወሰደች፣ ቅጣት ጻፈች። ፈቃዱን ግን መለሰችለት። መኪናዋ ድረስ ሸኘኋት።

«ሊያጭበረብር የፈለገ ሰው እንዲህ አይጠነቀቅም» አለችኝ። «ግን እማማ፣ ሁለተኛ ካገኘሁ ፈቃዱን መንጠቄ አይቀርም። አብሮት ጀልባ ላይ የሚቆጥር ሰው የለም?»

«የለም። ልጃችን ሩቅ ናት።»

«ፈቃዱ ላይ ሁለት ስም አይቻለሁ» አለችና በሩን ዘጋች።

ቅዳሜ፣ ጁን 10

ጀልባ ላይ ወጣሁ።

ሬይኖ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ጃኬት ራሱ አሰረልኝ። የጀልባውን ጠርዝ ከመጨበጤ ብዛት ጣቶቼ ደነዘዙ። ከሥር ያለው ውሃ ጥቁር ነው። መልሰኝ ልለው አስር ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ።

እሱ ግን እዚያ ላይ ሌላ ሰው ነው። እጁ አይሳሳትም። አንዱን ለካው፣ ርዝመቱ ከሚፈቀደው ውጪ ሆነና አባብሎ ወደ ውሃ መለሰው። እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። ስድስተኛው ሲገባ «በቃ» አልኩ።

«ሞላ እንዴ?»

«ሞልቷል። እየው።»

አየ። ሳይከራከር ክሩን ጠቀለለ። ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ፣ ሰው ከእንግዳ ጋር እንደሚሆነው ጨዋ ሆኖ።

«ጎበዝ ነዎት» አለኝ። «የኔዋ ሚስት ውሃ ትፈራለች። ፈቃዱን ግን በየዓመቱ አወጣላታለሁ። አንድ ቀን ትመጣ ይሆናል ብዬ።»

ውሃውን መፍራቴን ረሳሁት። ሌላ ፍርሃት መጣ፣ ከዚያ የባሰ።

«ትመጣለች» አልኩት።

ነገ ጠዋትም ይወጣል። እኔም እሄዳለሁ።