የመኩሪያ አልጀብራና ኮፍያ የደፉት ፊደላት

ሰኞ

መጽሐፉ ጠፋ። ፋይሉ አለ፤ ስከፍተው ግን አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። ከላይ እስከ ታች የፈረንጅ ፊደል፣ ያውም ኮፍያ የደፋ፣ ጭረት የተጫነበት፣ በመሀሉ የዲግሪ ምልክት። ሦስት ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት። ያው ነው።

የራሴ ጽሑፍ ቢሆን እንዲህ አልቃጠልም ነበር። የመኩሪያ ነው። እሱ ሒሳብ፣ እኔ ጂኦግራፊ ስናስተምር እዚሁ አቃቂ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አርጅተናል። የአልጀብራ መጽሐፉን በእጁ ጽፎ ሲጨርስ ዓይኑ ደከመ፤ ተቀብዬ መተየብ ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። ዓርብ ዓይኑን ኦፕራሲዮን ይሆናል። ሐኪሙ "እንሞክራለን" እንጂ "ይድናል" አላለም። መኩሪያ የለመነኝ አንድ ነገር ነው፤ "አስቴር፣ ከዓርብ በፊት ታትሞ ልየው።"

የኮምፒውተሩን ሳጥን በባጃጅ ጭኜ ቃሊቲ፣ ፎቶ ኮፒና ኅትመት ቤት ያለው ሸረፋ ዘንድ ወሰድኩት። "ቫይረስ በልቶታል ቲቸር፣ ፎርማት እናድርገውና አዲስ ይሁንልዎ" አለ። ጽሑፉስ ብለው፣ "ጽሑፉማ ያው… ይሄዳል።" ቅጂው ያለበትን ፍላሽ በራስህ ማሽን ክፈተው ስለው እጁን ሰበሰበ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያንን እዚህ አልሰካም። የሰው ሥራ አለብኝ።" ተስቦ ይዤ የመጣሁ አስመሰለኝ። ሳጥኔን አንስቼ ወጣሁ። ደህና ዋል እንኳ አላልኩትም።

ማክሰኞ

መብራት የለም። የፋብሪካዎቹ ጄኔሬተር ያጓራል፤ እኛ እንቀመጣለን።

ከሰዓት በኋላ መብራቱ መጣ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ "አልጀብራ" መሆን የነበረበትን ቃል እንዳለ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። ለአንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ሦስት ምልክት ይደርሳል። ከየሦስቱ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ያቺው ጭረት ያለባት "á" ናት። ይህ የተበላሸ ጽሑፍ አይደለም! የተማሪ ስህተት ሥርዓት ካለው ያልገባው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጽሑፉ በደህና ተቀምጧል፤ የምተይብበት ፕሮግራም፣ ኤዲተሩ ነው በተሳሳተ ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ለሌላ ፊደል በተሠራ የቁጥር ስምምነት የሚያነበው።

ቫይረስ! ሸረፋ አጠገቤ ቢኖር ጆሮውን እቆነጥጠው ነበር።

ሴቭ ካልኩ የተሳሳተው በደህናው ላይ ይጻፍበታል፤ እንዳልል ለራሴ ማስጠንቀቂያ ጽፌ ስክሪኑ ላይ ለጠፍኩ።

መኩሪያ ደወለ። አለቀ ወይ አለኝ። ትንሽ ቀረኝ አልኩት። "ተማሪዎችሽም የቤት ሥራ ሳይሠሩ እንዲሁ ነበር የሚሉሽ።" ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ረቡዕ

ኤዲተሩ ሲነሳ አስቀድሞ የሚያነበው የቅንብር ፋይል አለ። የፊደሉ መጠን፣ ቀለሙ፣ ኢንኮዲንጉ የሚታዘዘው እዚያ ነው። አማርኛን የሚያውቀውን ስምምነት፣ ዩቲኤፍ-8ን ተጠቀም የሚለው መስመር በቦታው ተቀምጧል። ታዲያ ለምን አይታዘዝም? አንድ ነገር ለውጬ መጽሐፉን ከፈትኩ፣ መለስኩት፣ ሌላ ለወጥኩ። ረፋዱ እንዲህ አለቀ። ቁርስም አልበላሁም።

ኋላ ዓይኔ ፋይሉ አናት ላይ አረፈ። ቅዳሜ ለመኩሪያ ብዬ ፊደሉን ሳሳድግ እዚያ ላይ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" ብዬ ጽፌያለሁ። የምጽፈውን ሁሉ እንዲያ ነው የምጀምረው፤ ፈተና ሳወጣም እንዲያው ነበር። ለሰው የሚጻፍ ማስታወሻ ማሽኑ እንዲዘለው ከፊቱ የመሰላል ምልክት (#) ይደረግበታል። ይህን አውቃለሁ፤ በሌሎቹ ማስታወሻዎቼ ፊት አድርጌዋለሁ። በሥላሴ ስም ፊት ግን "ይህን ዝለለው" የሚል ምልክት ማስቀመጥ እጄ እምቢ አለኝ። ኤዲተሩ ትእዛዝ መስሎት አልገባውም፤ እዚያው ቆመ። ከሥሩ ካለው አንድም መስመር አላነበበም። ፊደሉም እንዳላደገ ልብ ያልኩት አሁን ነው።

አልገባኝም ማለት ማንን ይገድላል? የአንደኛ ክፍል ልጅ እንኳ እጁን ያወጣል! ዝም ብሎ የገዛ ልማዱን ይዞ ቀጠለ። የሠራውን ሰው ባገኘው…

መስመሩን አወጣሁት። ማሽኑን ሳበራ በአፌ እላለሁ። ዘግቼ ከፈትኩ። "ምዕራፍ አንድ።" ትልልቅ ሆኖ፣ በአማርኛ። ብቻዬን እልል አልኩ። ጎረቤቴ ምን ተገኘ ብላ መጣች፤ አልጀብራ አልኳት።

ሐሙስ

ሸረፋ አተመው። "ከፍላሹ ጋር ታርቄያለሁ ቲቸር" አለ እየሳቀ። ፎርማት አድርገነው ቢሆንስ ስለው መሳቁን ተወ። ለጥረዛ አላስከፈለኝም፤ እኔም አላመሰገንኩትም።

መኩሪያ በር ላይ ብርሃኑን ይዞ ተቀመጠ። ወረቀቱን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ገጽ በገጽ ሄደ። ስለ ሰሞኑ ጣጣ አልነገርኩትም። ምዕራፍ ሦስት ላይ ቆመ።

"አስቴር፣ የመቀነስ ምልክት ዘለሻል።"

ደሜ ፈላ። ሁለቴ ያየሁት ገጽ ነው። የቱ ጋ አልኩት። በጣቱ አሳየኝ። እውነቱን ነው። ቤት እንደገባሁ አርመዋለሁ አልኩ።

"ተዪው። ከሐኪም ቤት ስመለስ ሌሎቹን ፈልጌ አብሬ እነግርሻለሁ።"

ስመለስ ሲል ገጹን በመዳፉ ዳበሰው። ሁለታችንም ወደ ወረቀቱ አቀረቀርን።

ቤት ገብቼ ፋይሉን ከፈትኩ። ቦታው ላይ ደረስኩ። አንድ ጊዜ መጫን ነው፤ ስህተት አይቼ ደግሞ አልፌ አላውቅም። ጣቴን አነሳሁ። ፋይሉን ዘጋሁት።

ያቺን ምልክት እሱ ሲመለስ ነው የሚያርማት።