ስለ ተደፈኑት የባሕር ግንብ ጉድጓዶች

መጋቢት 3 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.

ለሙቱቫላሳይ ባሕር ዳርቻ ግንባታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ታሚል ናዱ፣ ሕንድ

ጉዳዩ፦ በሲሚንቶ የተደፈኑ የግንብ ጉድጓዶች እንዲከፈቱና የቀረበብኝ ክስ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ግንበኛ ሳቫሪሙቱ፣ ከመንደራችን ፊት ያለውን የባሕር መከላከያ ግንብ በእጄ የሠራሁ ሰው ነኝ።

1. የቀድሞው ግንብ ልሙጥ ስለነበር ምንም ነፍስ አይጠጋውም ነበር። ባሏን ባሕር የወሰደባት እህቴ ፑሽፓም ለልጆቿ ሸርጣን ለመልቀም ሁለት ሰዓት በእግሯ ትጓዝ ነበር። አዲሱ ሊሠራ ሲል የባሕር ሕይወት ተመራማሪዋ አዛውንት ዶክተር ናቺያር፣ "ሳቫሪ፣ አንተ ዓሣ ብትሆን የት ትደበቅ ነበር?" ሲሉ ጠየቁኝ። ሳቅሁባቸው። በማግስቱ ግን አብረን ንድፍ አወጣን፤ አርማታው ሻካራ፣ ጡጫ የሚያስገቡ ጉድጓዶች ያሉት፣ ባሕሩ ሲሸሽም ውኃ የሚያቁር። ንድፉን ያጸደቀው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ማኅተሙ አለበት።

2. በሦስተኛው ዓመት ግንቡ ዛጎል ለበሰ። ሸርጣኑም ትንንሹ ዓሣም ገባበት። ፑሽፓም ከደጃፏ ለቅማ የሸርጣን ወጥ ሠርታ ጠራችኝ።

3. ባለፈው ወር ከዋና ከተማ እንግዳ ይመጣል ተባለ። መሐንዲስዎ ግንቡን አይተው፣ "ይሄ ፈንጣጣ የበላው ፊት ነው እንዴ? ድፈኑልኝ!" አሉ። ፑሽፓም ሮጣ፣ "ጌታዬ፣ ውስጡ እኮ ነፍስ አለ!" ብትላቸው፣ "ለሸርጣን የቤት ካርታ የሰጠው ማነው?" ብለው ሠራተኞቹን አሳቁባት። ሲሚንቶው በሕይወት ባሉት ላይ ተለሰነ፤ ላዩም ሰማያዊ ተቀባ። እንግዳው ከመኪናቸው ሳይወርዱ አለፉ። በሳምንቱ የግማቱ ነገር በር አስዘጋን። እህቴም ወደዚያው የሁለት ሰዓት መንገዷ ተመለሰች።

4. ወደ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ "ነገ ና" ተባልኩ። በአራተኛው ቀን መሮና መዶሻ ይዤ ወደ ግንቡ ወረድኩ። አሁን "የመንግሥት ንብረት በማበላሸት" ተከስሻለሁ። ክቡር ሆይ፣ ያበላሸው ማን ነው? ማኅተም ያለበትን ንድፍ ያፈረሰው ሰው ቢሮው ተቀምጧል፤ ንድፉን ያከበርኩት እኔ ፍርድ ቤት እቆማለሁ!

ስለዚህ የቀሩት ጉድጓዶች እንዲከፈቱ፣ መሐንዲሱም መንደር መጥተው እህቴን ይቅርታ እንዲጠይቁ፣ ክሱም እንዲነሣልኝ አመለክታለሁ።

ክሱ አይነሣም የሚባል ከሆነ ግን አንድ ስህተት ይታረምልኝ። ወረቀቱ ሠላሳ ጉድጓድ ከፍቷል ይላል። የከፈትኩት አርባ ሦስት ነው።

ንዴቴ እንዳለ ሆኖ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሳቫሪሙቱ፣ ግንበኛ