አስታራቂና ለጋሚ

ጥቅምት 12። አስታራቂ ዘንድሮም አበበች።

እማዬ፣ ካረፍሽ ሦስት ክረምት አለፈ። ጭቃ የምንቆፍርበት የቁሐር ሚካኤል ረግረግ ግማሹ ሩዝ ተዘርቶበታል። ሸክላ ታቃጥይበት የነበረው ጉድጓድ ውስጥ ዶሮዎች በአመድ ይታጠባሉ። ድስቱን ወደ ወረታ ገበያ የምሸከመው እኔ ነኝ። ጎረቤቶቻችን ዛሬም በድስታችን ወጥ ይሠራሉ፤ እኛ ቤት ግን ውኃ አይቀምሱም።

አምና አንድ የዕፅዋት ተመራማሪ መጥቶ ሁለቱን የረግረግ አበቦችሽን ነቀለ፤ አስታራቂንም ለጋሚንም። በጋዜጣ መሃል አደረቃቸው። ሲደርቁ ሁለቱም ቡናማ ሆኑና አንድ ዓይነት ኦርኪድ ናቸው ብሎ ጻፈ። አይደሉም አልሁት። በምን ለየሽ ብሎ ሳቀ።

ሥሮቻቸውን ለየብቻ ወቀጥሁና በተሰነጠቀ እርጥብ ድስት ላይ ቀባሁለት። የአስታራቂ ዝልግልግ ስንጥቁን ገጠመው። የለጋሚ እንደ ለጋሚ በሬ እንቢ አለ። ትዝ ይልሻል፣ ልጅ ሳለሁ ለጋሚን ቀብቼ ያንን ሁሉ ድስት እሳት ውስጥ አፈነዳሁት። አልመታሽኝም። ስባሪውን አስለቀምሽኝና፣ ከእንግዲህ አትስቻቸውም አልሽኝ። አልሳትሁም።

ሰውዬው ዘንድሮ ተመለሰ። ልክ ነሽ፣ ሁለት ናቸው፤ አስታራቂም በዓለም መዝገብ የሌለች አዲስ ናት አለኝ። እሱን ባስተማረው መምህር ስም ሊጠራት ነው። ይጥራት፣ በእነሱ ቋንቋ ነው።

ዛሬ አበባዋ ያለችበትን ቦታ ያሳየሽ ምስክር ነሽ፣ ፈርሚ ብለው ወረታ አንድ ቢሮ ጠሩኝ። ወረቀቱን አነበብሁ። የአካባቢ ስም ከሚለው ፊት “የለም” ይላል። የቢሮው ጸሐፊ የጠየቀው ገበሬዎቹን ነው፤ እነሱ ሣር ነው ብለውታል። ስም አላት፣ እናቴ አውጥታላታለች አልሁት። የሸክላ ሠሪ ቃል መዝገብ አይገባም፣ ፈርሚና ወደ ጭቃሽ ሂጂ አለኝ። አጠገቡ የተቀመጠው ተመራማሪ አቀረቀረ።

ጸሐፊው ማኅተም ሊያመጣ ሲነሣ በገዛ እስክሪብቶው “የለም”ን ሰረዝሁ። አስታራቂ ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ ስምሽን ከነአባትሽ አኖርሁ። ካልወደዱት ሌላ ወረቀት ያምጡ፤ ረግረጉን የማሳያቸው ግን እኔ ነኝ።

እማዬ፣ ድስት በተሰነጠቀ ቁጥር አስታራቂን እጠራለሁ፣ እሷን በጠራሁ ቁጥር አንቺን። እነሱ ቢጽፉሽም ባይጽፉሽም።

ጸሐፊው ማኅተሙን ይዞ መጣና ፊርማሽስ አለኝ። እስክሪብቶውን መለስሁለትና ወጣሁ።