እንዳገኘሽው ተይው

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 12

ቀኑን ሙሉ ነዳሁ። ወገቤ የለም። ፒክአፑ ተጎታች ቤታችንን ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ባሌ መርል አጠገቤ ሆኖ ማርሽ ይቀይርልኛል... ያውም የሌለ ማርሽ። "ቀስ በይ፣ ከብት ጭነሻል" ይለኛል። ከኋላችን ያለው ድስትና አልጋ ነው።

የምናድረው ዋዮሚንግ ውስጥ፣ አንዲት የከብት አርቢዎች ከተማ። ኔድራ የምትባል፣ የልጃችን እኩያ የምትሆን ሴት፣ ከግጦሽ መሬቷ ጥግ ለእንደኛ ዓይነቱ መንገደኛ ማደሪያ ከፍታለች። ውሃ አለ፣ መብራት አለ። ለአንድ ሌሊት ብቻ አልኳት።

ከነገ ወዲያ ልጃችን ትሩዲ ጋ እንደርሳለን። ለአባቷ መጦሪያ ቤት ቦታ ይዛለታለች። የቀረው የእኔ ፊርማ ነው። ስሜን ከረሳ ዓመት አልፎታል፤ የከብት ሥራውን ግን አልረሳም እላታለሁ። አልፈርምም... እስካሁን።

አመሻሽ ላይ አጥሩ ዳር ቆመን ነበር። ከብቶቹ ውሃ ሊጠጡ ወደ ወንዙ የሚወርዱበት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በተጋባን ሰሞን እንዲህ ያለውን የአባቱን በር ዘግቼ ጉድ አፍልቼ ነበር። ጠየቅኩት፣ የከብት በር እንዴት ነው የሚያዘው?

"እንዳገኘሽው ተይው። ክፍቱን ክፍት፣ ዝጉን ዝግ። አንቺ የከተማ ልጅ!"

ሃምሳ ዓመት የጠራኝ በዚህ ነው። ሳቅኩ፣ አለቀስኩም። ትሩዲ ይህን በሰማች!

ረቡዕ፣ ነሐሴ 13

የተጎታቿ ጎማ ፈንድቷል። ምትኩ ነገ ይመጣል። ኔድራ ድርቆሽ ስታጭድ ዋለች። መርል ብቻውን አጥሩን ተከትሎ ሄደ። መከልከል ነበረብኝ? ባርኔጣውን አድርጎ ከኋላ ሳየው የድሮው ሰውዬ ነው። ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 14

ሲነጋ በከብት ጩኸት ነቃሁ። በሩ ተዘግቷል። ሽቦው ሦስት ዙር ተጠምጥሞ፣ በመርል አስተሳሰር። ትናንት ያን ሁሉ ፀሐይ ውሃ ሳይቀምሱ ውለው አድረዋል። በሩ ላይ ሲጋፉ አንዲት ጥጃ ረግጠው ገድለዋል።

ኔድራ መጣች። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። መርል ግን ተቆጣ፣ "በሩን ክፍት ትቶ የሄደው የማነው ሞኝ? እኔ ባልዘጋው ከብቱ አልቆ ነበር።"

"እውነትዎን ነው ጋሼ" አለችው። "እነግራቸዋለሁ።"

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ክንዴን ይዛ ፈቀቅ አደረገችኝ።

"ጥጃ ይወለዳል። ነገ እየነዱ ሳለ የመኪናውን በር ቢከፍትስ?"

ትሩዲ ጋ ደወልኩ። እፈርማለሁ አልኳት። እሷም አልቅሳ ስልኩን ዘጋችው።

እሑድ፣ ነሐሴ 24

ወደ ቤት እየተመለስኩ ነው። ኔድራ ጋ፣ እዚያው ቦታ አደርኩ። በሩ አሁንም ክፍት ነው፤ ግን በሰንሰለት አስራዋለች። እንቁላል ጠብሳ አመጣችልኝ። ዳገት ስወጣ ማርሽ የሚቀይርልኝ አልነበረም።

የመጨረሻውን ቀን ልጻፈው... መጦሪያ ቤቱ ውስጥ ክፍሉ ስገባ በሩ ክፍት ነበር። ስወጣ ልዘጋው ፈለግኩ፣ ስሄድ እንዳያየኝ። እጄ መዝጊያው ላይ ቀረ። እንዳገኘሁት ተውኩት።

እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ዓይኑ ጀርባዬ ላይ ነበር። አንዴ "የከተማ ልጅ" ብሎ ቢጠራኝ ይዤው እመለስ ነበር።

አልጠራኝም።