አማቴ፣ ድመቷና እኔ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

መሠረት ዛሬ ባሕር ዳር ሄደች። የመምህራን ስልጠና ነው፤ እስከ ኅዳር አጋማሽ አትመለስም። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት።

"እናቴን አደራ" አለችኝ።

"ምነው፣ ልበላቸው ነው?"

አልሳቀችም።

ከዚያ ብየዳ ቤት ገባሁ። ሁለት መስኮትና አንድ በር በየድኩ። ውርጩ ብረቱን አያስነካም። ማታ ስገባ አማቴ እማማ እቴነሽ ጥጋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ እብናት ገጠር ብቻቸውን ነበሩ፤ ክረምት ላይ ነው እኛ ጋ የመጡት።

"እንዴት ዋሉ እማማ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

አለቀ። በእነሱ ዘንድ አማት አማቿን ቀና ብላ አታይም፣ ፊቱ እህል አትቀምስም። ነውር ነው። መሠረትን ካገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን እናውቃለን? እንጃ። አንድ ክፍል ቁጭ ብለን እንኳ መሠረት ናት የምታስተረጉመን። "እናቴ ብርድ ልብስ ይጨመርልኝ ትላለች።" "እሺ ይጨመራል በያቸው።" አሁን ማን ሊያስተረጉም ነው?

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

አስተርጓሚ ተገኘ። ጥቁሯ ድመታችን!

ማታ ስገባ እማማ እቅፋቸው ላይ አስተኝተዋታል። "ውሮ፣ ለጌታው ንገሪያቸው፤ ጌጤ ሽሮ ሠርታ ትታለች፣ ሳይቀዘቅዝ ይብሉ።"

ጌታው ማነው ብዬ ዞር አልኩ። ለካ እኔ ነኝ። ጌጤ ጎረቤታችን ናት፤ ቀን ቀን እሷ ናት የምታበስልልን።

"ውሮ፣ እማማስ በልተዋል ወይ በያቸው።"

"በልተናል በይልኝ።"

ድመቷ አዛጋች። ሳቄን አፍኜ ጓዳ ገባሁ። ለመሠረት ደውዬ ነገርኳት፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ... "እናቴ ደህና ናት?" "ደህና ናቸው።" "አንተስ?" "ደህና።" "በል ደህና እደር።" ስልኩን ዘጋሁ። እኛስ ብንሆን ይሄ ወሬ ነው?

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ጌጤ ጠዋት በር ላይ ያዘችኝ። "አማትህ እኮ አይበሉም። ያቀረብኩት እንዳለ ነው የሚመለሰው። ጥጉን ነካ ነካ፣ በቃ። አንተን አፍረው ይሆን?"

እኔን? ቀን ቤት የማልውለውን ሰውዬ? ተናደድኩ። ግን እውነቷን ነው፣ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል።

ማታ፣ "ውሮ፣ እማማ ምነው አይበሉም በያቸው።"

"ጠግበናል በይልኝ።"

"ሰው በአየር አይጠግብም በያቸው!"

የድመቷን ጀርባ እየዳበሱ፣ "ውሮ፣ አዝመራው ደርሷል። ለኅዳር ሚካኤል አገሬ ልግባ በይልኝ።"

ብቻቸውን! ማን ውኃ ሊቀዳላቸው? ማን እሳት ሊያነድላቸው? መሠረትስ ምን ልትለኝ ነው? አደራ ብላኝ ሄዳ...

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

መብራት የለም። ሥራም የለም። እማማ ቁርስም ምሳም አልበሉም።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ በጊዜ ገባሁ። ጥቁር ኮቴን ወንበር ላይ ጣል አድርጌ ውኃ እየቀዳሁ ነው።

"ውሮ፣ ጌታው ዛሬ በጊዜ ገቡ። ምነው በሰላም በያቸው።" መልስ እስክሰጥ እጃቸውን ዘርግተው የኮቴን እጅጌ ዳበስ ዳበስ አደረጉ። "ኧረ ነይ ወዲህ፣ ምን ያኮራምትሻል!"

አፌን ልከፍት ስል በመስኮት አየሁ። ውሮ አጥሩ ላይ ተጋድማ ፀሐይ ትሞቃለች።

ኮቴን ነው የሚያናግሩት። ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣልኝ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው መሄዳቸው። ክንዳቸው ላይ ያለው የእሳት ጠባሳ። ማዕዱን ጥጉን ብቻ መንካታቸው... ሳህኑ የት እንዳለ አያዩማ! እኛ ደግሞ ጨዋነት ነው፣ ይሉኝታ ነው እያልን!

"እማማ" አልኩ በቀጥታ። "ድመቷ ውጭ ናት።"

እጃቸው እጅጌው ላይ ቀረ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

"ዓይንዎ።"

እጅጌውን ለቀቁት። "ባሌ ሳይሞት ነው። እሱ ያውቅ ነበር። እጄን ይዞ ወጡ ላይ ያሳርፍልኝ ነበር።" አለቀሱ። እኔም አላስቻለኝም። "ለመሠረት እንዳይነግሩብኝ። ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። አገሬ ልግባ፣ ቤቴን እግሬ ያውቀዋል።"

እግራቸው እሳቱን መች አወቀው?

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ራት እኔ አቀረብኩ። ፊቴ እንደማይበሉ አውቃለሁ፣ ስለዚህ የጓዳውን መጋረጃ ጋረድኩት። እሳቸው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ።

"ሽሮው በበሩ በኩል ነው። ድንቹ በግድግዳው በኩል።"

ጆሮዬን አቆምኩ። በሉ! እንደ ሰው በሉ! ደስታዬን የት ላድርሰው።

ግን ዝም ተብሎ አይበላ። "እንዴት ዋሉ" ካልኩ መልሱን አውቀዋለሁ። ሳስብ ቆይቼ፣ "ባልዎ ማታ ማታ ምን ያጫውቱዎት ነበር?" አልኩ።

ወይ ጉድ! ሽሮዬ ቀዘቀዘ። ሰውየው ከእርሻ ሲገቡ የዋሉበትን ሁሉ ይነግሯቸው ነበር። ገብሱ የት ድረስ እንደደረሰ፣ ጉና ተራራ ላይ ደመና መኖር አለመኖሩን፣ የማን ላም እንደወለደች። "አገሩን በአፉ ያሳየኝ ነበር" አሉ። ሳቁም። ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ራት ላይ በመጋረጃው በኩል ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳቸው። እምቢ።

"ምላጭ ዓይኔን አይነካም። ጣራ ገዳም ውሰዱኝ፣ ጸሎቱ ይበቃኛል።"

"ጣራ ገዳምም እንሄዳለን። አስቀድመን ግን ሐኪም ይይዎት።"

"ደህና ነኝ አልኩ!"

እኔም ጮህኩ። "እናቴ በስልክ ደህና ነኝ እያለችኝ ነው የሞተችው! ደህና ነሽ? ደህና። ደህና ነሽ? ደህና። ከዚያ ቅበር ብለው ጠሩኝ! እርስዎ ይሄን አይድገሙብኝ!"

አሁንስ አስቀየምኳቸው ብዬ ፈራሁ። ይሄን ነገር ለመሠረት እንኳ ነግሬ አላውቅም። ከየት መጣ?

ከዚያ በመጋረጃው መሃል እጅ ወጣ። ጉርሻ ይዟል። አቅጣጫውን ስቶ ወደ ጆሮዬ ነው የሚሄደው። አፌን ይዤ ሄድኩለት።

"ብላ ልጄ" አሉ። "ሰኞ ውሰደኝ።"

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

የዓይን ሞራ ነው ተባለ። ሁለቱም። ይገፈፋል አለ ሐኪሙ፣ አንዱ ለኅዳር 2 ተቀጠረ። ለመሠረት ራሳቸው ነገሯት፣ እኔ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዤ። "ደህና አይደለሁም ልጄ" ብለው ጀመሩ።

በኋላ መሠረት እያለቀሰች፣ "ይሄን ቃል ከእናቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ምን አድርገህ ነው?" አለች።

"ድመቷን ጠይቂ" አልኳት።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ተሠሩ። እስኪገቡ ድረስ እጄን አልለቀቁም።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ፋሻው ተነሣ። የሐኪሙን ጣት ቆጥረው ሲነግሩት ልጮህ ምንም አልቀረኝ። እሳቸው ግን "ይመስገን" አሉና ነጠላቸውን ሳቡ። ቤት ስንገባም መሬት መሬት እያዩ መጋረጃቸው ውስጥ ገቡ። ማታ ከወዲያ ሆነው ብዙ ተጫወቱ፣ ፊታቸውን ግን አላሳዩኝም። ቅር አለኝ። ዓይን ሲበራ ነውሩ ተመልሶ መጣ ማለት ነው? እንደ ልጅ አኮረፍኩ፣ እውነቱን ለመናገር።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ነገ ጾም ይገባል። መሠረት ትናንት ተመልሳለች፤ ለቅበላው ጥብስ ሠራች። ማዕድ ሲቀርብ እንደ ልማዴ መጋረጃውን ልጋርድ ተነሣሁ።

"ተወው" አሉ እማማ። "ነውሩን ልጄ ባለችበት ላፍርሰው ብዬ ነው የቆየሁት።"

ነጠላቸውን ከፊታቸው አወረዱ። ቀና ብለው አዩኝ። ትክ ብለው። አፈርኩ፣ መሬት መሬት ማየት የኔ ተራ ሆነ።

"ይሄ ሁሉ ሽበት መቼ ወጣ?"

"ስንጋባም ነበረ እማማ።"

"አዬ! ድምፅህ እኮ የጎረምሳ ነው።"

መሠረት ሳቋ አመለጣት። እሳቸው ወደሷ ዞሩ። ሳቋ እስኪያልቅ ጠበቋት።

"አንቺ ደግሞ ከስተሻል። ደህና ነኝ እንዳትይኝ።"

መሠረት የያዘችውን ጉርሻ አስቀመጠች። ከዚያ ማውራት ጀመረች፤ እኔም የማላውቀውን ሁሉ። እማማ እየሰሙ፣ እዚያው ፊቴ፣ ጥብሱን እያነሡ ይበላሉ።

መሃል ላይ ውሮ ገብታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ጎንበስ ብለው አዩዋት።

"አንቺ ሂጂ አይጥሽን ያዢ" አሏት። "ሥራሽን ወስደንብሻል።"