ለካርድ ክፍልሽ ዘዴ የተጠየቀ ፊርማ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ አይናዲስ፤ ሞጣ።

እንደምን ከርመሻል? ያ ክረምት ሲገባ የሚቀሰቀስብሽ ወገብሽ ዘንድሮስ ተወሽ? እማዬ የዓይኗን መድኃኒት ሳታስታጉል ትጨምራለች? ወይስ እንደ ልማዷ ተሻለኝ ብላ ጣለችው? እኔና ባለቤቴ ዕፀ ሕይወት በአካል ደህና ነን። በሐሳብ ግን ታምሜ ነው የሰነበትኩት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የእንግሊዝኛ ወረቀት ታሽጓል። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ እስክሪብቶ እንዳታነሺ፤ አደራ። የእኔ ስም ያለበትን ወረቀት ሁሉ ዓይንሽን ጨፍነሽ እንደምትፈርሚ አውቃለሁና።

የምሠራበት ድርጅት ለሆስፒታሎች የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራል። አምና ኮምፒውተሩ የበሽተኛ መዝገብ ፈልጎ እስኪያመጣ እየዘገየ አስቸገረን። እኔ አንድ ዘዴ አመጣሁ፤ የአንድ ሰው መዝገብ ሲጠራ የቤተሰቡም መዝገብ ሳይጠየቅ ወደ ቅርብ ማስቀመጫ አብሮ ይምጣ፣ ፈላጊ ካጣ በሳምንቱ ይመለስ አልኩ። ፈጠነ። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። አለቃዬ ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቀኝ "ራሴ አሰብኩት" አልኩት።

ከየት እንዳመጣሁት አንቺ ታውቂያለሽ። ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ቤት በዋልኩበት ዓመት ከምትሠሪበት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እየመጣሁ አጠገብሽ እቀመጥ ነበር። አንድ ልጅ አተኩሶት ከመጣ የእናት የአባቱንም ካርድ ከመደርደሪያ አውርደሽ እግርሽ ሥር ካለው ሣጥን ትከችው ነበር። "ተስቦ አንድ ቤት ገብቶ በአንድ ሰው አይመለስም፤ ነገ ይመጣሉ" ትይኝ ነበር። ይመጡም ነበር።

ድርጅቱ አሁን ዘዴውን ፓተንት ሊያስወጣበት ነው። ሌላ ሰው ያለ ፈቃዱ እንዳይጠቀምበት በመንግሥት መዝገብ ያስመዘግበዋል ማለት ነው። ጠበቃዋ "ይህን መጀመሪያ ያፈለቅሁት እኔ ነኝ" የሚል የመሐላ ወረቀት ሰጠችኝ። መሐላ እኮ ነው እትዬ! ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ልፈርም ተነሣሁ፤ ግን ሳልፈርም ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬ ከፍያለው "ሶ ችግሩ ምንድን ነው? ጀስት ሳይን አድርገው! ካርድ መደርደርና ሶፍትዌር ምን አገናኛቸው? ሌይኦፍ እንዲያደርጉህ ነው እንዴ የምትፈልገው?" ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው፤ በዚህ ዓመት ሠራተኛ እየቀነሱ ከክፍላችን አሥራ አንድ ሰዎች የቀረነው አራት ነን። ዕፀ ሕይወት ደግሞ ነሐሴ ላይ ትወልዳለች።

ሐሙስ ዕለት ለጠበቃዋ ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። የዘዴው ባለቤት አንቺ ልትሆኚ እንደምትችዪና መብትሽን ለድርጅቱ ካልሰጠሽ ማመልከቻው እንደሚወድቅ ነገረችኝ። አለቃዬ በሩን ዘግቶ ፊርማሽን እስከ ሐምሌ መጨረሻ እንዳመጣ፣ ካላመጣሁ ለእኔም የሚያደርግልኝ ነገር እንደሌለ አስታወቀኝ።

በወረቀቱ ላይ ስምሽ ከእኔ ስም በፊት ተጽፏል፤ ያን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ከፈረምሽ ስምሽ ይመዘገባል፣ ዘዴው ግን የእነሱ ይሆናል። ለአንቺ የሚሰጡት ነገር አንድም ቦታ አልተጻፈም። ካልፈረምሽ እኔ ከሥራ እወጣለሁ። ያንቺን ዕውቀት የእኔ ነው ማለቴ ያንገበግበኛል፤ ይቅር በይኝ። ፈርሚ ወይም አትፈርሚ እንዳልልሽ ምክሬ ንጹሕ አይደለም፤ ፈርቻለሁ። ወረቀቱን ጋሼ እንየው በአማርኛ ያንብብልሽ። እንግሊዝኛ የሚያስተምር ባል ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ነው?

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ለጋሼ እንየው የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ልጅሽን ልዩን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ፈተናዋ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። ትንሹን ኤልያብን የላከልኝ ሥዕል ደርሶኛል በዪው፤ ፈረስ ይሁን በሬ ግን አልለየሁትም። ዕፀ ሕይወትም ሁላችሁንም እጅ ነሥታለች።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን ስሰማ እንደምለምንሽ ስለማውቅ ነው። አንቺ ሳትወስኚ ደውዬ ፈርሚልኝ ብዬ ባለቅስብሽ እንኳ እንዳትሰሚኝ።

ወንድምሽ ሞላልኝ
አርሊንግተን፣ ቴክሳስ
ሰኔ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.